ጠዋት ባዶ አየር፣ ከሰዓት ጋዝ፦ አዳማ ላይ ናኖ የምትሰራ የአንዲት ተመራማሪ ጉዳይ

ለምን እንደጻፍኩት

ይሄን ጉዳይ ለመጻፍ ካሰብኩ ቆይቻለሁ። ባለጉዳይዋን አስፈቅጄ ነው፣ ረቂቁንም አንብባ ሁለት ቦታ አርማልኛለች። የሷንም የተማሪዎቿንም የምንሰራበትን ግቢም ስም አልጠራም፣ ከተማው አዳማ መሆኑን ግን መደበቅ አልቻልኩም፣ ነፋሱና አቧራው ካልተነሳ ግማሹ ነገር አይገባም። እኔና እሷ በአንድ ዓመት ነው ግራጁዌት አሲስታንት ሆነን የተቀጠርነው፣ በኋላ ደግሞ ሁለት ዓመት የዲፓርትመንት ኃላፊ (ሄድ) ስለነበርኩ የግዢ ወረቀቷም የፕሮሞሽን ፋይሏም በእጄ አልፏል። ስለዚህ በብዛት የምጽፈው በዓይኔ ያየሁትን ነው።

በተለይ በሃሳቤ ያለው አንባቢ ውጪ ሄዶ ውድ ማሽን በሞላበት ላብ ፒኤችዲውን ጨርሶ አገሩ ሲገባ "አሁን በምን ልቀጥል" ብሎ ግራ የገባው ሰው ነው። እንደዚህ አይነት ሰው በየዩኒቨርሲቲው አለ። አንዳንዱ ማስተማር ላይ ብቻ ይቀራል፣ አንዳንዱ ተመልሶ ይሄዳል፣ ምን እንደገጠመው ግን ቁጭ ብሎ የሚጽፍ የለም፣ ከኋላ የሚመጣውም ያንኑ መንገድ ከዜሮ ይጀምረዋል።

መነሻው

ፒኤችዲዋን የሰራችው ደቡብ ኮርያ ነው። ማቴሪያሏ ዚንክ ኦክሳይድ ነው፣ ያ የሕፃናት ቆዳ ቅባትና የፀሐይ መከላከያ ክሬም ውስጥ የሚገባው ነጭ ነገር። ዱቄት ሆኖ ሲታይ ምንም አይመስልም፣ በትክክል ካሳደጋችሁት ግን ባለ ስድስት ጎን ቀጫጭን ዘንግ ሆኖ ይበቅላል። አንድ ናኖሜትር የሜትር አንድ ቢሊዮንኛ ነው፣ የሰው ፀጉር ውፍረት ከ80,000 እስከ 100,000 ናኖሜትር ይደርሳል፣ የሷ ዘንጎች ደግሞ ውፍረታቸው 100 ናኖሜትር አካባቢ ነው። ከነዚህ ዘንጎች አንዱን ብቻ ነጥላ ግራና ቀኙ ላይ የብረት ኮንታክት አስቀምጣ ኤሌክትሪክ እያሳለፈች ትለካ ነበር። ያን ኮንታክት ለመሳል በኤሌክትሮን ጨረር የሚጽፍ ማሽን ያስፈልጋል፣ ማሽኑ ደግሞ ክሊንሩም በሚባለው ከብናኝ በጸዳ ክፍል ውስጥ ነው የሚቀመጠው። ሰው ከእግር እስከ ራስ ነጭ ልብስ ለብሶ ነው እዛ የሚገባው፣ አምስተኛ ደረጃ በሚባለው ክሊንሩም ውስጥ በአንድ ሜትር ኩብ አየር ግማሽ ማይክሮንና ከዛ በላይ የሆነ ብናኝ ከ3,520 መብለጥ የለበትም። የተራ ክፍል አየር ውስጥ በሚሊዮን ይቆጠራል።

አሁን ወደ አዳማ እንምጣ። አዳማ ነፋስ አይጠፋባትም፣ አንደኛው 51 ሁለተኛው 153 ሜጋዋት የሚያመነጩት የንፋስ ኃይል ማመንጫዎች እዚህ የተተከሉት ለዚህ ነው። ጥርና የካቲት ላይ መስኮት ዘግታችሁ ብትወጡ እንኳን ጠዋት ስትመለሱ ጠረጴዛው ላይ በጣት መጻፍ ትችላላችሁ። 2011 ዓ.ም ስትመለስ የተሰጣት ክፍል የቀድሞ የፊዚክስ ላብ ነበር፣ የአንዱ መስኮት መስታወት ተሰንጥቆ በፕላስተር ተይዟል። ክፍሉን አብሬያት ነው ያየሁት። መጀመሪያ ያደረገችው ነገር ቢኖር የመስኮቱን ጠርዝ በጣቷ ጠርጋ ጣቷን ማየት ነው፣ ከዛ ምንም ሳትል ቁልፉን ተቀበለች።

ችግሩ

የመጀመሪያዎቹን ሁለት ዓመታት ያቃጠልነው እዛ የነበራትን ሥራ እዚህ ለመቀጠል ስንሞክር ነው። "ያቃጠልነው" የምለው ሁላችንም ስለገፋፋናት ነው፣ ዲፓርትመንቱም "የናኖ ሰው አለን" ማለት ፈልጎ ነበር። በሴሚስተር ሦስት ኮርስ ታስተምራለች፣ አንዱ ለአዲስ ገቢዎች የሚሰጠው ጄነራል ፊዚክስ ነው፣ በተረፈው ሰዓት ፕሮፖዛል ትጽፋለች። ሁሉም ፕሮፖዛል የሚጀምረው ኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ይገዛልን ከሚለው ነው። ማይክሮስኮፕ ከሌለ የሰሩትን ማየት አይቻልም፣ ስለዚህ ጥያቄው ትክክል ነበር፣ ግን ሌላው ሥራ ሁሉ እሱን እንዲጠብቅ ተደረገ። መሃል ላይ ኮሮና ገባና 2012 ዓ.ም ግቢው ተዘጋ።

ግዢውን ባጭሩ ልንገራችሁ፣ ምክንያቱም በየቦታው ያለ ታሪክ ነው። ጨረታው ሁለት ጊዜ ተሰረዘ፣ ሦስተኛው ላይ አንድ አቅራቢ አሸነፈ፣ ከዛ ባንክ ኤልሲ (ለውጭ ሻጭ የሚሰጥ የክፍያ ዋስትና) ለመክፈት የዶላር ወረፋ ተያዘ። ወረፋው ሳይደርስ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም የውጭ ምንዛሪው በገበያ እንዲመራ ተወሰነ፣ ዶላር ከ57 ብር ገደማ ተነስቶ በሳምንታት ውስጥ 100 ብርን አለፈ። ውሉ በብር ነበር የተፈረመው። አቅራቢው በዛ ዋጋ አላስገባም አለ፣ እውነት ለመናገር እኔም እሱን ብሆን አልችልም ነበር፣ ማይክሮስኮፑ በዛው ቀረ። ቁም ነገሩ ግን እዚህ ላይ ነው፣ ያ ግዢ ሲፈርስ እሷ መጠበቁን ካቆመች ሦስት ዓመት አልፏት ነበር።

ምን አደረገች

2013 ዓ.ም መጨረሻ ላይ አንድ ቀን ቢሮዬ መጥታ "ያን ነጠላ ዘንግ ትቼዋለሁ" አለችኝ። ጥያቄውን ገልብጣው ነው የመጣችው። እስከዛ ድረስ "ለምሰራው ጥናት ምን ማሽን ያስፈልጋል" ነበር፣ አሁን "ባለን እቃ የትኛውን ጥያቄ አጥብቄ መመለስ እችላለሁ" ሆነ። አንዷን ዘንግ መነጠል ካልተቻለ መስታወት ላይ በሚሊዮን የሚቆጠሩትን አንድ ላይ አሳድጎ የጅምላ ባህሪያቸውን መለካት ይቻላል። ዚንክ ኦክሳይድ ጋዝ ይለያል፣ እዚህ አገር ደግሞ ከሰል አቀጣጥለው በር ዘግተው ተኝተው በዛው የቀሩ ሰዎች ወሬ በየክረምቱ እንሰማለን። የመጨረሻ ግቧ ከከሰሉ የሚወጣውን መርዛማ ጋዝ፣ ካርቦን ሞኖክሳይድን፣ የሚለይ ርካሽ ሴንሰር ነበር፣ ለመለማመጃ ግን አደጋው ያነሰ ነው ብላ በኤታኖል፣ ማለትም በአልኮል ትነት፣ ጀመረች።

አሠራሩን ትንሽ ልዘርዝረው፣ ሌላ ቦታ ላለ ሰው ስለሚጠቅም። መስታወቱን በደንብ አጥቦ ዚንክ አሲቴት በአልኮል በጥብጦ ስስ አድርጎ መቀባትና በምድጃ መጋገር፣ ይሄ ዘሩ ነው። ከዛ ዚንክ ናይትሬትና ሄክሳሚን የሚባለውን ኬሚካል በተጣራ ውሃ በጥብጦ መስታወቱን ዘር ያለበትን ፊት ወደ ታች ደፍቶ መንከር፣ ወደ ላይ ካደረጋችሁት በውሃው ውስጥ የሚፈጠረው ነጭ ዝቃጭ ይወርድበትና ያበላሸዋል። በ90 ዲግሪ ለጥቂት ሰዓታት ትተዉታላችሁ፣ ክሊንሩም የለ ቫክዩም የለ። መስታወቱ ሲወጣ ጭጋግ የነካው ይመስላል፣ ያ ጭጋግ የቆሙት ዘንጎች ናቸው።

እሷ ተማሪዎቿ ቀላል መሣሪያን እንዳይንቁ ግራፊን የሚባለው የአንድ አቶም ውፍረት ያለው የካርቦን ቅጠል መጀመሪያ የተነጠለው በተራ ፕላስተር መሆኑን፣ ለሱም በፈረንጆቹ 2010 ላይ የፊዚክስ ኖቤል እንደተሰጠ ትነግራቸዋለች፣ ወዲያው ግን ያን የተነጠለ ቅጠል ለመለካት ክሊንሩም እንዳስፈለገም ትጨምራለች። ይሄን የምትጨምረው ለምን እንደሆነ ቆይቶ ነው የገባኝ። ማሳደጉ ቀላል ነው፣ ከባዱ መለካቱ ነው። የኛም ችግር የመጣው ከዛው ነው።

ላቡን ያቆመልን ሰው ቴክኒሻናችን ናቸው፣ ጡረታ የቀረባቸው ሰው፣ ሁላችንም ጋሼ ነው የምንላቸው። ከአሮጌ ኮምፒውተር ፋን ላይ የመስታወት ማሽከርከሪያ ሰሩ፣ ፈሳሹ ስስ ሆኖ የሚዘረጋው በሱ ነው። መብራት ሲጠፋ ውሃው እንዳይቀዘቅዝ የፍሪጅ ማሸጊያ ስታይሮፎም አስገብተው ሳጥን ገጣጠሙ፣ ውስጡ ትልቅ የውሃ ገንዳ ስላለ መብራቱ ለአርባ ደቂቃ ቢጠፋም ሙቀቱ የሚወርደው ጥቂት ዲግሪ ብቻ ነው። ማሞቂያውን የሰሩት ከምጣድ ሬዚስታንስ ሽቦ ነው። አንድ አዲስ ተማሪ ውሃ አፍልቶ ቴርሞሜትሩ 94 ሲልበት ተበላሽቷል ብሎ ሊጥለው ነበር፣ ጋሼ "ቴርሞሜትሩ ደህና ነው ልጄ፣ ከተማዋ ናት ከፍ ያለችው" አሉት፣ አዳማ ከባህር ጠለል 1,700 ሜትር ገደማ ስለምትገኝ ውሃ እዚህ 100 ሳይደርስ ነው የሚፈላው። ከዛ በኋላ ሁሉም ቴርሞሜትር በፈላ ውሃ እየተፈተሸ ነው ሥራ ላይ የሚውለው።

ያልሠሩ ነገሮችም ነበሩ። የተጣራ ውሃ ሲያልቅብን ከጋራዥ የባትሪ ውሃ ገዝተን ተጠቀምን። አንዱ ጠርሙስ ጥሩ ዘንግ አወጣ፣ ቀጣዩ ዝም ብሎ ነጭ ሊጥ አወጣ፣ አንድ ወር ሙሉ ኬሚካሉን ስንጠረጥር ከረምን፣ በመጨረሻ የውሃውን ኮንዳክቲቪቲ (ኤሌክትሪክ የማሳለፍ አቅሙን) ስንለካ ከጠርሙስ ጠርሙስ አይገናኝም። ሌላው ጥፋት የበለጠ ያማል። ለማይክሮስኮፕ ምስል 12 ሳምፕል ወደ ቀድሞ ላቧ በሰው እጅ ላከች፣ ቁጥሩ የተጻፈው በማርከር ነበር፣ እዛ ያለው ሰው ሳምፕሉን በአልኮል ሲያጸዳ ቁጥሩ ሁሉ ጠፋ። 12 የሚያማምሩ ምስሎች ደረሱን፣ የቱ የትኛው እንደሆነ ግን የሚያውቅ የለም። ከዛ ወዲህ ቁጥር የሚጻፈው መስታወቱን ከጀርባው በመጫር ነው።

የክሪስታሉን አቀማመጥ ለሚያሳየው የኤክስሬይ ምርመራ ሳምፕሉን አዲስ አበባ እንልካለን፣ ወረፋ ጠብቆ ሦስት ሳምንት ይፈጃል። ግን ብዙ ይናገራል። በሚመጣው ግራፍ ላይ የዚንክ ኦክሳይድ ዋና ጫፎች 31.8፣ 34.4 እና 36.3 ዲግሪ ላይ ይወጣሉ፣ የ34.4ቱ ከሌሎቹ በጣም ረዝሞ ከመጣ ዘንጎቹ መስታወቱ ላይ ቀጥ ብለው ቆመዋል ማለት ነው። የመጀመሪያው እንደዛ ያለ ግራፍ በኢሜይል የደረሳት ቀን ኮሪደር ላይ ላፕቶፑን ይዛ በየቢሮው እየዞረች አሳየችን።

ግራፉ ባዶውን የመጣ ቀን

የጋዙ ልኬት እንዲህ ነው። ዘንጎቹ ላይ የአየሩ ኦክስጅን ይለጠፍና ኤሌክትሮን ይነጥቃል፣ ስለዚህ ሬዚስታንሱ፣ ማለትም ኤሌክትሪክ እንዳያልፍ የሚከለክልበት መጠን፣ ይጨምራል፤ ኤታኖል ሲመጣ ከተለጠፈው ኦክስጅን ጋር ይዋሃድና ኤሌክትሮኑ ይመለሳል፣ ሬዚስታንሱ ይወርዳል። እንደዚህ አይነት ሴንሰር በደንብ የሚሰራው ከ200 እስከ 400 ዲግሪ ባለው ሙቀት ነው። የኛ ማሞቂያ ግን ቮልቴጁ ስለሚዋዥቅ ከ150 በላይ አልረጋም አለ፣ እሷም በ150 እንሥራ አለች። ተማሪዎቹ ጠዋት ባዶ አየር ይለካሉ፣ ከምሳ በኋላ ኤታኖል እየጨመሩ ይለካሉ። ውጤቱ አመርቂ ነበር፣ በየቀኑ ከሰዓት ሬዚስታንሱ ይወርዳል። ፔፐር ተጻፈ፣ ተላከ፣ የሪቪወሮቹም (ጆርናሉ ፔፐሩን እንዲገመግሙ የሰጣቸው ባለሙያዎች) መልስ መጣ፣ ትንሽ አስተካክሉና ይታተማል የሚል ነው። 2015 ዓ.ም ላይ ነን፣ የአሶሼት ፕሮፌሰርነት ፋይሏ ያን አንድ ፔፐር ብቻ ነበር የሚጠብቀው።

ነሐሴ ላይ ነው። አንዲት የማስተርስ ተማሪ ኤታኖሉ አለቀባት። ሴንሰሩ ሞቋል፣ ቀኑም መሽቶ እንዳይባክን ብላ ምንም ሳትጨምር ከሰዓቱን ልኬት ሞላችው። እኔ ላቡ ውስጥ ነበርኩ፣ የሌላ ወረቀት ላስፈርም ገብቼ። ተማሪዋ ከስክሪኑ ዞር ብላ "ዶክተር፣ ኤታኖሉ አልቋል፣ ግራፉ ግን መጣ" አለች።

"ምን ጨመርሽበት?"

"ምንም።"

ውጪ ዝናቡ ቆርቆሮውን እየደበደበ ነበር። ተመራማሪዋ ግራፉን አየች፣ ከዛ መስኮቱን አየች፣ ከዛ መሳቢያ ከፍታ የሰኔና የሐምሌን ወረቀቶች ጠረጴዛው ላይ ደረደረቻቸው። አዳማ ክረምት ላይ ብዙ ጊዜ ከሰዓት ነው የሚዘንበው። የውሃ ትነትም ዚንክ ኦክሳይድ ላይ ሲያርፍ ሬዚስታንሱን ያወርዳል፣ ልክ እንደ ኤታኖሉ በዛው አቅጣጫ፣ ሙቀቱ ዝቅ ሲል ደግሞ ይብሳል። ጠዋት ባዶ አየር ከሰዓት ጋዝ ተብሎ የተለካው ነገር ግማሹ ምናልባትም ከግማሽ በላዩ ጠዋት ደረቅ አየር ከሰዓት እርጥብ አየር ነበር። የክፍሉን እርጥበት የመዘገበ ሰው የለም። ሴንሰሩ አልዋሸም፣ የጠየቅነውን ነገር አላወቅንም ነበር እንጂ።

ከዛ ሁለት ሳምንት ሙሉ ልኬቱ እንደገና ተሠራ፣ አሁን ግን በእጣ። የሻይ ብርጭቆ ውስጥ ተጠቅልለው የተቀመጡ ወረቀቶች አሉ፣ ግማሹ "ባዶ" ግማሹ "ኤታኖል" ይላል፣ ጠዋትም ከሰዓትም እጣ ወጥቶ የወጣው ይለካል፣ ጎኑ ላይ የክፍሉ ሙቀትና እርጥበት ይጻፋል። የኤታኖሉ ውጤት ሙሉ በሙሉ አልጠፋም፣ ግን ፔፐሩ ላይ ከተጻፈው በጣም ያነሰ ሆኖ ተገኘ።

ፔፐሩን እንዳይታተም ከጆርናሉ አነሳችው። ለኤዲተሩ የጻፈችውን አንብቤዋለሁ፣ አምስት መስመር ነው፣ ልኬታችን እርጥበትን አልተቆጣጠረም፣ ቁጥሮቹን ማመን አንችልም፣ ይቅርታ እንጠይቃለን ይላል። እዚህ ላይ የራሴንም ልጻፍ። የዲፓርትመንቱ ኃላፊ ነበርኩና አትቸኩይ አልኳት፣ ሪቪወሮቹ ራሳቸው እርጥበቱን አላነሱትም፣ አንድ አረፍተ ነገር ጨምረሽ አስገቢው አልኳት። ስትመልስልኝ አልተቆጣችም። "ከሰል የሚነድበት ቤት ውስጥ የሚቀመጥ ነገር እየሠራሁ ነው ብዬ፣ ዝናብና ጋዝ የማይለይ ሴንሰር ይለያል ብዬ ልፈርም?" ብቻ አለችኝ። ተሳስቼ ነበር፣ እስካሁን ይቆጨኛል።

ከዛ በኋላ፦ የሠራውና ያልሠራው

ብዙ ሰው ወዲያው ያቀረበላት ሃሳብ "እንግዲያው የእርጥበት ሴንሰር አድርጊዋ" የሚል ነበር። እሷም ሞከረችው፣ ስድስት ወር። አዳማ ዙሪያ የእህል መጋዘን ብዙ ነው፣ በቆሎ እርጥበቱ ከ13 ወይም 14 በመቶ ካለፈ ሻጋታ ያነሳል፣ ስለዚህ ጠቃሚ ይመስል ነበር። አልሆነም። እርጥበቱ ሲወጣ የሚሰጠው ቁጥርና ሲወርድ የሚሰጠው ቁጥር አይገናኝም፣ በወር ውስጥም ንባቡ ይንሸራተታል፣ ገበያ ላይ ያለው ርካሽ የእርጥበት ሴንሰር በሁሉም ይበልጠዋል። ተወችው። ጥፋት ሁሉ ወደ ምርት ይቀየራል የሚል ሰው ይሄን ቢያውቅ ጥሩ ነው።

የሠራው ነገር ሌላ ነው፣ ጥያቄውን ማጥበብ። ዘንጎቹ ሲያድጉ የነበረው ሁኔታ፣ ሲለኩ ያለው ሙቀትና እርጥበቱ ሦስቱ እንዴት እንደሚነካኩ ብቻ ማጥናት። ለዚህ የታወቀ እርጥበት መፍጠር ያስፈልጋል፣ ማሽኑ ውድ ነው፣ ግን በጣም የቆየ ዘዴ አለ። ጨው በውሃ እስኪጠግብ በጥብጣችሁ በተዘጋ ማሰሮ ውስጥ ብትተዉት ከላዩ ያለው አየር እርጥበቱ በራሱ አንድ ቁጥር ላይ ይረጋል። በ25 ዲግሪ የወጥ ጨው 75 በመቶ ይሰጣል፣ ማግኒዥየም ክሎራይድ 33፣ ሊትየም ክሎራይድ 11፣ ፖታሲየም ሰልፌት 97። አራት የማር ማሰሮ ተገዛ፣ ክዳኑ ተበስቶ ሽቦ ገባበት፣ ቀዳዳው በሲሊኮን ተደፈነ። ሼልፉ ላይ ተደርድረው ስታዩዋቸው ጓዳ ውስጥ የገባችሁ ነው የሚመስላችሁ። ያ ሼልፍ ግን ከመጣልን እቃ ሁሉ የበለጠ ዳታ ሰጥቷል።

ማይክሮስኮፑ ሲቀር ደግሞ የግዢ ጥያቄዋን ቀየረችው። በአንድ ትልቅ ማሽን ፋንታ ትናንሽ እቃዎች ጻፈች፦ ውሃ ማጣሪያ፣ ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ የሚይዝ ባትሪ) እና የቮልቴጅ ማረጋጊያ፣ የሙቀት መቆጣጠሪያ ያለው ምድጃ፣ ጥሩ መልቲሜትር። አብዛኛው አገር ውስጥ የሚገኝ ስለሆነ ዶላር አልጠበቀም። ምድጃው ዘግይቷል፣ ሌላው በአንድ ዓመት ውስጥ ገባ፣ ማሞቂያውም በማረጋጊያው ምክንያት 300 ዲግሪ ላይ መርጋት ቻለ፣ እዛ ላይ የእርጥበቱ ጣልቃ ገብነት በጣም ቀነሰ።

በዚህ ዳታ የተጻፈው ፔፐር 2017 ዓ.ም ታተመ። ምስሎቹ ከኮርያ ናቸው፣ ልኬቱ ሙሉ በሙሉ አዳማ ነው፣ ኮሬስፖንዲንግ ኦተሯ (ለፔፐሩ ኃላፊ ሆና ከጆርናሉ ጋር የምትጻጻፈው) እሷ ናት፣ ያቺ ኤታኖል ያለቀባት ተማሪ ደግሞ የመጀመሪያ ደራሲ ሆናለች። ጋሼ ምስጋናው ላይ ስማቸው አለ፣ ገጹን አትመው ሰጥተናቸዋል፣ መሳቢያቸው ውስጥ ከመፍቻዎቹ ጋር በፕላስቲክ ጠቅልለው አስቀምጠውታል። አሶሼት ፕሮፌሰርነቱ አብረዋት ከተመለሱት በሁለት ዓመት ዘግይቶ በዛው ዓመት ጸደቀላት።

ለሌላ ቦታ የሚተርፈው

መጀመሪያ ለሚለካ ሰው። ማነጻጸሪያውንና ዋናውን ሁሌም በአንድ ሰዓት በአንድ ቅደም ተከተል አትለኩ፣ እጣ አውጡ፣ ወረቀትና ብርጭቆ እንጂ ምንም አይጠይቅም። ከእያንዳንዱ ልኬት ጎን የክፍሉን ሙቀትና እርጥበት ጻፉ፣ አያስፈልግም ብትሉም ጻፉ። በሳምንት አንዴ ደግሞ ምንም ሳትጨምሩ ሙሉውን ልኬት ሩጡት። እኛ ኤታኖል ስላለቀ በአጋጣሚ ነው ያገኘነው፣ ባያልቅ ኖሮ ፔፐሩ ታትሞ ነበር።

ውጪ ፒኤችዲ ላይ ላላችሁ፣ የመጨረሻው ዓመት ላይ አንድ ሙሉ ወር ወስዳችሁ ያንኑ ማቴሪያል በተራ መስታወትና በተራ ምድጃ ለመሥራት ሞክሩ፣ አገር ቤት ስትገቡ የሚተርፋችሁ እሱ ነው። ከላባችሁ ጋር በዓመት ስንት ሳምፕል እንደሚያዩላችሁ ስማችሁም የት ላይ እንደሚሆን ሳትወጡ በጽሑፍ ተስማሙ፣ እሷ ይሄን ያደረገችው በኢሜይል ከሦስት ዓመት በኋላ ነው፣ ፕሮፌሰሯ ቅን ሰው ስለሆኑ ነው እንጂ ጊዜው አልፎ ነበር። ሴት ተማሪዎች ይሄ መስክ ለኛ ነው ወይ ሲሏት እዚሁ አዲስ አበባ ተወልደው አሜሪካ ኖርዝዌስተርን ዩኒቨርሲቲ ስለ ፊውል ሴል ማቴሪያሎች የሚያጠኑትን ፕሮፌሰር ሶስና ኃይሌን ትጠቅስላቸዋለች፣ ግን ወዲያው የማርከሩን ጥፋት ታስተምራቸዋለች፣ ሁለቱም ያስፈልጋል ትላለች።

ለአስተዳዳሪዎች የምለው አለኝ፣ ከልቤ ነው። ስህተቱን አይቶ ፔፐሩን ያነሳ ሰው በኛ የፕሮሞሽን ነጥብ አሰጣጥ ምንም ካልሠራ ሰው ጋር እኩል ዜሮ ነው የሚያገኘው። ይሄ ዝም ብላችሁ አሳትሙ ማለት ነው። እኛ ዲፓርትመንት ውስጥ ቢያንስ አንድ ነገር ጀምረናል፣ ፔፐር በራሱ ፈቃድ ያነሳ ሰው ምክንያቱ ተጽፎ የዲፓርትመንቱ ደብዳቤ ፋይሉ ውስጥ ይገባል፣ ኮሚቴው ያነበዋል። ነጥብ የለውም። ግን ፋይሉ ላይ ያለው ክፍተት ስንፍና እንዳልሆነ ይታወቃል። ግዢም ላይ እንደዛው፣ የማሽኑ ዋጋ ብቻ ሳይሆን የሚያረጋጋው ኤሌክትሪክ፣ የሚጠቀምበት ውሃና የሚጠግነው ሰው አብረው ካልተጠየቁ ማሽኑ ቢገባም ከነካርቶኑ ነው የሚቀመጠው።

አሁን ያለችበት

አሁን 2018 ዓ.ም ላይ ሁለት የማስተርስና አንድ የፒኤችዲ ተማሪ አሏት፣ የፒኤችዲዋ ያቺው ልጅ ናት። የተሰነጠቀው መስኮት ተቀይሯል፣ አቧራው ግን አለ፣ ሳምፕሎቹ የሚቀመጡት የጎማ ክዳን ባለው የምሳ እቃ ውስጥ ነው። ጋሼ በሰኔ ጡረታ ይወጣሉ፣ ሳጥኑንና ማሽከርከሪያውን እንዴት እንደሚጠገኑ በደብተር እየጻፉ ነው፣ ከጎናቸው አንድ ወጣት ቴክኒሻን እንዲመደብ ጠይቀን እየጠበቅን ነው። የካርቦን ሞኖክሳይዱ ልኬት ገና አልተጀመረም። መጠኑ የተረጋገጠ የጋዝ ሲሊንደርና ጋዙን በደህና ወደ ውጪ የሚያስወጣ ማስተንፈሻ ሁለቱም እስኪገቡ ተማሪ ወደዛ ልኬት አላስገባም ብላለች፣ ማስተንፈሻው ባለፈው ወር ተገጥሟል።